ሦስት ልጅ፣ አንድ ጠረጴዛ፣ ስንት ካሪኩለም?

ሰሞኑን አንዲት የልጅነት ጓደኛችን ደወለችልን። (እኛ ስንል አንድ ሰው ነን። ጋዜጠኝነት ስንማር ጽሑፍ ውስጥ «እኔ» ማለት ነውር ነው ተብለን ስለተመረቅን፣ ከዚያ ወዲህ ብቻችንን ማኪያቶ ስንጠጣ እንኳ «ጠጣን» ነው የምንለው። እስከ መጨረሻው ታገሱን።) ጓደኛችን አዳማ፣ ፖስታ ቤት አካባቢ ነው የምትኖረው። የሁለት ልጆች እናት ሆናለች። ሰላምታው እንኳ በወጉ ሳያልቅ ወደ ጉዳይዋ ገባች።

«ስሚ፣ ልጆቹን ከትምህርት ቤት ላወጣቸው ነው። ቤት ነው የማስተምራቸው። ሆምስኩል! አንቺ ደሞ የተማርሽ ነሽ፤ ለሰባት ዓመትና ለአሥራ አንድ ዓመት ልጅ የሚሆን ካሪኩለም ምረጪልኝ።»

የጋዜጠኝነት ዲግሪ ሠፈር ውስጥ ብዙ ሥራ ያሠራል። የዕድር ማስታወቂያ ያስጽፋል፣ የሠርግ መጥሪያ ያሳርማል፣ ለቀበሌ የሚገባ አቤቱታ ያስረቅቃል። ካሪኩለም ሲያስመርጥ ግን ይሄ የመጀመሪያው ነው።

ለነገሩ ምክንያት አላት። የትምህርት ቤቱ ክፍያ በየክረምቱ ይጨምራል። የቤት ሥራውን የምትሠራው ልጅቷ ሳትሆን እናቲቱ ናት። ትልቋ አምስተኛ ክፍል ደርሳ አንድ አንቀጽ አስተካክላ አትጽፍም። በዚህ ላይ ዩቲዩብ አለ። ነጭ መደርደሪያ ላይ መጻሕፍት በየቀለማቸው የደረደሩ አሜሪካውያን እናቶች፣ አራት ልጅ አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ አስቀምጠው፣ ማንም ሳያለቅስ ሲያስተምሩ ያሳያል። ጓደኛችን የአንዱን ካሪኩለም ሊንክ ላከችልን፤ ከፍተን አየነው። የሰባት ዓመቱ ልጅ መጽሐፍ ላይ ከበረዶ የተሠራ ሰው አለ። ሳንቲሙ ፔኒ ነው፣ መለኪያው ኢንች ነው፣ ዋጋው ደግሞ በዶላር ነው። አዳማ ላይ የበረዶ ሰው! በመጋቢት ፀሐይ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ውለን የምናውቅ ሰዎች ነን እኮ።

«እስቲ እናስብበት» ብለን ስልኩን ዘጋነው። ይኸው ያሰብነውን እንጻፍላት።

*

በቅድሚያ የወረቀቱን ነገር እንጨርስ። ሆምስኩል አሜሪካ ውስጥ በሃምሳውም ግዛቶች ሕጋዊ ነው። ጀርመን ውስጥ ደግሞ ክልክል ነው። እኛ ዘንድ መንገዱ ሁሉ የሚያልፈው በትምህርት ቤት በር ነው። የስድስተኛና የስምንተኛ ክፍል ፈተና የሚያስመዘግበው ትምህርት ቤት ነው። ልጅ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲዛወር የሚጠየቀው የውጤት ካርድና መሸኛ ነው። መሸኛ ደግሞ እናት አትጽፍም። ስለዚህ ለጓደኛችን አጭሩ መልሳችን «አታውጪያቸው» ነው።

ረጅሙ መልሳችን ግን ሌላ ነው። አንቺ እኮ ሆምስኩል ከጀመርሽ ቆይተሻል! ልጆችሽ ሐምሌንና ነሐሴን ሙሉ ቤት ናቸው። ማታ ማታ ቤት ናቸው። የመንግሥት ትምህርት ቤት በፈረቃ የሚማር የጎረቤትሽ ልጅ ደግሞ የቀኑን ግማሽ ቤት ነው። ከሞጆ እስከ ሻሸመኔ ባለው መንገድ ዳር፣ መቂ በይ ባቱ በይ አርሲ ነገሌ፣ ልጅ ያለበት ቤት ሁሉ ወይ አስጠኚ አለ፣ ወይ «ታናሽሽን አስጠኚው» የምትባል ትልቅ እህት አለች። ቤት ውስጥ ማስተማር ያልጀመረ ወላጅ የለም። ምን ለማን እንደሚያስተምር ቁጭ ብሎ ያቀደ ግን ጥቂት ነው። ይህን ደግሞ የምንለው ቁጭ ብለን አቅደን፣ በአራት ቀን ውስጥ ጉድ ከሆንን በኋላ ነው።

*

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ አገራችን ውስጥ መገኘቱ ተነገረ። በሦስተኛው ቀን ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። ዩኒቨርሲቲዎችም ተማሪዎቻቸውን ሸኙ፤ እኛም ሻንጣችንን እየጎተትን አዳማ መናኸሪያ ወረድን። እናታችን በር ላይ በጆግ ውሃና በሳሙና ተቀበለችን። ገና እጃችንን ሳናደርቅ ሹመታችንን ነገረችን፦ ከነገ ጀምሮ የሦስቱም አስተማሪ እኛ ነን።

ሦስቱ ማለት እንግዲህ እነዚህ ናቸው። ወንድማችን ስምንተኛ ክፍል ነበር፤ ፈተና የሚጠብቀው፣ ጢም ማብቀል የጀመረ፣ በእኛ መታዘዝ የሚያሳፍረው። እህታችን አምስተኛ ክፍል ነበረች። የመጨረሻው ማሙሽ (ስሙ አይደለም፤ እኛ ቤት የመጨረሻ ልጅ ሁሉ ማሙሽ ነው) አንደኛ ክፍል ነበር።

እኛም ማኒላ ወረቀት ገዛን። ሦስት ዓምድ አሰመርን። በየዓምዱ የየክፍላቸውን ትምህርት ከመጽሐፉ ማውጫ እየገለበጥን ደረደርን። እያንዳንዱ ክፍለ ጊዜ አርባ ደቂቃ፣ መሃል ላይ ዕረፍት፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ደወል። ደወላችን የድስት ክዳን ነበር። ማኒላው እጅግ ያምር ነበር። እናታችን ለጎረቤት ሁሉ እየጠራች አሳየችው።

በመጀመሪያው ቀን ለወንድማችን አልጀብራ ስናስረዳ ማሙሽ ከቤት ወጥቶ ብይ ሲጫወት ተገኘ። በሁለተኛው ቀን ማሙሽን ስንይዝ እህታችን መልሱን ከወንድማችን ደብተር ገለበጠች፤ እሱ ደግሞ ስልክ ላይ ነበር። በሦስተኛው ቀን በቴሌቪዥን የሚተላለፈውን ትምህርት ከፈትንላቸው። የፕላዝማ ዘመን ልጆች እናውቀዋለን፤ የቴሌቪዥን መምህር ጥያቄ አይቀበልም፣ አይጠብቅም፣ «ገባችሁ?» ብሎ ራሱ ይቀጥላል። በአራተኛው ቀን መብራት ጠፋ፣ ቤቱ እንደ ምጣድ ጋለ፣ እኛም አለቀስን። ማኒላው በማግስቱ የጤፍ መንፊያ ምንጣፍ ሆነ።

ስህተቱን ያኔ የሰጠነው ለልጆቹ ነበር። አሁን ስናየው ግን ስህተቱ ማኒላው ነው። ትምህርት ቤት ልጆችን በክፍል የሚለያቸው ብዙ ስለሆኑና ብዙ አስተማሪ ስላለው ነው። አንድ ሰው፣ ሦስት ልጅና አንድ ጠረጴዛ ይዞ ሦስት ትምህርት ቤት ልክፈት ቢል ያብዳል። ጓደኛችንም አሁን ልትገዛ የምትፈልገው በዶላር የሚሸጥ ማኒላ ነው።

*

አሁን ወደ ማሙሽ እንመለስ፤ የዚህ ሁሉ ወሬ መነሻ እሱ ነውና።

እኛና ሁለቱ ታላላቆቹ የተማርነው በአማርኛ ነው። ማሙሽ ግን አፋን ኦሮሞ ነው የገባው። አባታችን «ይሄ ልጅ ነገ እዚሁ አገር ነው ሥራ የሚፈልገው፤ የአገሩን ቋንቋ አንብቦ ጽፎ ይወቅ» ብሎ ነው፤ ልክም ነበር። አዳማ ላይ ካሪኩለም መምረጥ ማለት መጀመሪያ ይሄ ነው። ከሳይንሱና ከሒሳቡ በፊት ልጁን በየትኛው ቋንቋ ላስገባው የሚለው ጥያቄ ይመጣል። ብዙ ቤት ውስጥ ወንድምና እህት በተለያየ ፊደል ይማራሉ፤ አንዱ በግዕዝ ፊደል፣ አንዱ በቁቤ።

ችግሩ ቤት ሲገቡ ነው። እናታችን አፋን ኦሮሞ ትናገራለች፤ ገበያ ላይ ተከራክራ ታሸንፍበታለች። ነገር ግን የኦሮምኛ ጽሕፈት በ1984 ዓ.ም. ወደ ቁቤ ሲሸጋገር እሷ ከትምህርት ገበታ ርቃ ነበር። ስለዚህ የማሙሽን መጽሐፍ መናገር በምትችለው ቋንቋ ተጽፎ እያየች ማንበብ አትችልም። እኛም ብንሆን አፋን ኦሮሞን እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት ወስደን፣ ለፈተና ያጠናነውን እዚያው ፈተናው ላይ ትተን የመጣን ነን። በዚህ የተነሳ ማሙሽ «አነባለሁ» ሲል የሚቆጣጠረው አልነበረም። መጽሐፉን ይከፍታል፣ ጣቱን ከመስመሩ ሥር ያስኬዳል፣ እየተወዛወዘ ያነባል። እናታችን ትስመዋለች። እኛም «ጎበዝ» እንላለን።

አንድ ቀን እህታችን አጠገቡ ተቀምጣ ሳለ፣ ለተንኮል ይሁን ለሌላ እንጃ፣ እያነበበ ገጹን ገለጠችበት። ማሙሽ የበፊቱን ገጽ ማንበቡን ቀጠለ።

ሁላችንም ዝም አልን። እሱ ብቻ ያነባል። መምህሩ ሲያነቡ፣ ልጆቹ ሲደግሙ፣ ገጹን ከነሥዕሉ በቃሉ ይዞታል። ከፊደላቱ አንዷን ነጥለን «ይቺ ማን ናት?» ስንለው አላወቃትም።

ማሙሽ ብቻውን አልነበረም። በ2002 ዓ.ም. በዩኤስኤአይዲ ድጋፍ በተለያዩ ክልሎች በተደረገ የንባብ ጥናት፣ ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ሲሶ ያህሉ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም ነበር። ይሄ እንግዲህ ከኮሮና አሥር ዓመት ቀደም ብሎ፣ ትምህርት ቤት ክፍት ሆኖ ነው። በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ ትምህርት ሲከፈት ማሙሽና እኩዮቹ ያለ ፈተና ወደሚቀጥለው ክፍል አለፉ። ገጹን የገለጠበት ሰው ባይኖር ኖሮ ማሙሽ ሁለተኛ ክፍል፣ ከዚያ ሦስተኛ፣ እያነበበ ይሄድ ነበር።

*

አባታችን ይህን ሲሰማ ሳቀ። ሳቁ ያናደደን ነበር፤ ኋላ ግን ገባን። አባታችን ልጅነቱን የቄስ ትምህርት ቤት ነው ያሳለፈው። «የኔታ ቢሆኑ በአንድ ቀን ይይዙት ነበር» አለን። እንዴት? ልጅ ሀሁን በተርታ ዜማ አድርጎ ይለቀዋል። ፊደሉን ይወቅ ዜማውን ይወቅ ግን ማን ያውቃል? ከዚያ በኋላ አቡጊዳ ይመጣል። ያው ፊደል ነው፤ ተራው ግን ተዘበራርቋል። ዜማውን ብቻ የያዘ ልጅ እዚህ ላይ ይጋለጣል። አቡጊዳ ማለት ለካ ገጽ መግለጥ ነው!

ከዚህ የበለጠ የገረመን ግን ሌላው ነገር ነው። የኔታ ዛፍ ሥር ወይ ደጀ ሰላም የሚያስቀምጧቸው ልጆች ዕድሜያቸው አንድ አይደለም። አንዱ ሀሁ ላይ ነው፣ አንዱ አቡጊዳ ላይ፣ አንዱ መልእክተ ዮሐንስን በቁጥር ያነባል፣ ሌላው ወደ ግዕዝና ወደ ውርድ ንባብ ተሻግሯል፣ ትልቁ ዳዊት ይደግማል። «ስንተኛ ክፍል ነህ?» የሚባል ጥያቄ የለም፤ «የት ደረስክ?» ነው የሚባለው። የኔታም ሁሉን ራሳቸው አያስቀጽሉም። ዳዊት የሚደግመው አቡጊዳ ላይ ያለውን ያስቀጽላል፤ እሳቸው ትልቁን ያዳምጣሉ። ሠፈራችን ያለው መድረሳም ከዚህ አይለይም። ሉሁን የታቀፈው ትንሽ ልጅ መጀመሪያ የሚያስተካክለው ከጎኑ የተቀመጠው ትልቅ ልጅ ነው፤ ኡስታዙ ዘንድ የሚቀርበው ከዚያ በኋላ ነው።

ይህን ስንል አለንጋውን ናፍቀን አይደለም። ትርጉሙን ሳያውቅ ሙሉ ዳዊት የወጣ ሰው ቤታችን ውስጥ አለን፤ ራሱም ይመሰክራል። ነገር ግን አንድ መምህር የተለያየ ዕድሜ ያላቸውን ልጆች በአንድ ቦታ እንዴት ያስተምራል ለሚለው ጥያቄ መልስ ፍለጋ ዩቲዩብ ድረስ መሄድ ይቅርብን ነው የምንለው። መልሱ ከቤታችን አምስት ደቂቃ በእግር ነበር።

እኛም ማኒላውን ትተን ሌላ ነገር ጀመርን። ግቢያችን ውስጥ የተከራዩ ጎረቤቶቻችን በአፋን ኦሮሞ ተምራ ዘጠነኛ ክፍል የደረሰች ልጅ ነበረቻቸው። ማታ ማታ ግማሽ ሰዓት ለማሙሽ ቁቤ ታስተምረዋለች፤ እኛ ደግሞ እሷን እንግሊዝኛ እናግዛታለን። ገንዘብ የለበትም። እናቶቻችን በዚያው ሰበብ ቡና ይጠጣሉ። ማሙሽ ሁለት ፊደል በአንድ ክረምት ተማረ። ከሰኞ እስከ ሐሙስ ቁቤ፣ ዓርብና ቅዳሜ ሀሁ። ተደበላለቀበት? እኛን ነው የተደበላለቀብን፤ እሱ ምንም አልሆነም።

*

ሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. ሃጫሉ ሁንዴሳ ተገደለ። በማግስቱ ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ ለሦስት ሳምንት ገደማ አልተመለሰም። ሻሸመኔና ዝዋይ ላይ የሆነውን የስምጥ ሸለቆ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ እዚህ መዘርዘር አንፈልግም። ከግቢ መውጣት ቀረ። በቴሌግራም ይላክ የነበረው የወንድማችን ወርክሺትም ቀረ። ቤቱ ውስጥ ፍርሃት ነበር፤ ልጆች ደግሞ ፍርሃትን ከወላጅ ፊት ላይ ያነባሉ፤ ለዚህኛው ንባብ ቁቤም ሀሁም አያስፈልጋቸውም። የጎረቤታችን ልጅ ግን በዚያ ሳምንት አንድም ማታ ሳትቀር መጣች። ማሙሽም ቁቤውን ቀጠለ። ይህን እንድታውቁልን እንፈልጋለን።

በዚያው ሰሞን ነው ያ የጥርስ ጉዳይ የመጣው። ወንጂ ያደገችው አክስታችን እኛ ቤት ነበረች። ማሙሽ አፍጥጦ ሲያያት ቆየና «የአክስቴ ጥርስ ለምን ቡኒ ሆነ?» አለ። እናታችን ቆነጠጠችው። አክስታችን ግን ስቃ «የወንጂ ውሃ ነው ልጄ» አለች። እህታችን ቀበል አድርጋ «አያቴም ወንጂ ኖረዋል፤ የእሳቸው ጥርስ ለምን ነጭ ሆነ?» ብላ ጠየቀች። መልስ የሰጠ አልነበረም። እኛም እስክሪብቶ አነሳን። ከሁለት ሳምንት በላይ ሌላ ትምህርት አልነበረም።

ወንድማችን የኬሚስትሪ መጽሐፉን አወጣ። ፍሎሪን የምትባለው ንጥረ ነገር ፔሪዮዲክ ቴብል ላይ የት እንደተቀመጠች ያውቃል፤ ከአክስቱ ጥርስ ጋር ምን እንዳገናኛት ግን አልሰማም። ስምጥ ሸለቆ እሳተ ገሞራ የሠራው ምድር ነው፤ የከርሰ ምድሩ ውሃ በዚያ ዓለት ውስጥ ሲያልፍ ፍሎራይድ አሟሙቶ ይዞ ይወጣል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው፤ በሸለቆው ውስጥ ብዙ ጉድጓዶች ከዚያ በላይ ናቸው። እህታችን ካርታ ሣለች። አዋሽን ከምንጩ አንሥታ በቆቃ በኩል ወንጂ አደረሰችው፤ ዝዋይን፣ ላንጋኖን፣ አብያታንና ሻላን በሰማያዊ ቀባች። አዳማ የምንጠጣው ከአዋሽ ተጣርቶ የሚመጣ ውሃ መሆኑን፣ የድሮ ወንጂ ግን ከጉድጓድ ይጠጣ እንደነበር ከአባታችን ጠይቃ ጻፈች። ማሙሽ የቤተሰቡን ጥርስ ቆጠረ፤ ስንቱ ነጭ፣ ስንቱ ቡኒ፣ ስንቱ የለም። ከዚያ «ቢሻን» እና «ኢልካን» ብሎ በቁቤ፣ ውሃ እና ጥርስ ብሎ በአማርኛ ጻፈ። በራሱ እጅ፣ ማንም ሳያነብለት፣ የጻፋቸው የመጀመሪያዎቹ ቃላት ናቸው።

የአያታችንን እንቆቅልሽ የፈታችው እህታችን ናት። ሆላንዶቹ በ1946 ዓ.ም. የወንጂን ስኳር ፋብሪካ ሥራ ካስጀመሩ በኋላ፣ አያታችን ለሥራ የመጡት ለአቅመ ሔዋን ደርሰው ነው፤ አክስታችን ግን የተወለደችው እዚያው ነው። ጥርስ በፍሎራይድ የሚቀልመው ድድ ውስጥ ሳለ፣ በልጅነት ሲሠራ ነው፤ ተሠርቶ ያለቀ ጥርስ አይቀልምም። እህታችን ይህን የደረሰችበት የሁለቱን ዕድሜ አስልታ ነው። ከዚያ በፊት መቀነስ ከነመበደሩ ያስቸግራት ነበር።

ካሪኩለም ስንል እንግዲህ ይሄንን ነው። አንድ ጥያቄ ለሁሉም፣ ከጥያቄው ላይ ግን እያንዳንዱ የአቅሙን ይነሣል። ንባብና ሒሳብ ብቻ ናቸው ለየብቻ መሆን ያለባቸው። እነሱም በክፍል ሳይሆን «የት ደረስክ?» በሚለው ነው የሚለኩት፤ ለእያንዳንዱ ልጅ በቀን ግማሽ ሰዓት ይበቃል። ቀሪው ከቤት አይጠፋም። የመቂ ሽንኩርት አዳማ ሲደርስ ዋጋው ለምን ይጨምራል? አብያታ ለምን ይሸሻል? (ከሱ የሚወጣው ሶዳ አሽና ወደሱ የሚፈሰው ውሃ ለመስኖ መጠለፉ አለበት፤ ስምንተኛ ክፍል ለደረሰ ልጅ ወር ሙሉ የሚያከራክር ነገር ነው።) የእናንተ ከተማ ደግሞ የራሱ ጥያቄ አለው።

*

አሁን ስለ መጽሐፍ ግዢ ትንሽ እንበል፤ ጓደኛችን የጠየቀችን እሱን ነውና።

ድሮ መጽሐፍ ይወረስ ነበር። የእኛ ለወንድማችን፣ የወንድማችን ለእህታችን። በ2015 ዓ.ም. አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት በስፋት ሥራ ላይ ሲውል ስምንት ሁለት ሁለት የነበረው አደረጃጀት ስድስት ሁለት አራት ሆነ፤ ግብረ ገብ ተመለሰ፣ የክወናና የእይታ ጥበባት የሚባል ትምህርት መጣ። ውርሱም ተቋረጠ። አዲሱ መጽሐፍ ታትሞ እስኪዳረስ ልጆቹ በፒዲኤፍ ከስልክ ወደ ስልክ ሲቀባበሉት ነበር። እናታችን ያኔ የድሮዎቹን መጻሕፍት ለሱቅ ማሸጊያ ልትሸጥ አወጣቻቸው። እኛ ከለከልን። ንባብ ለመለማመድ፣ መደመርና ማካፈል ለመለማመድ የድሮ መጽሐፍ ምን አለው? ክፍልፋይ እኮ አዲስ ፖሊሲ አልወጣለትም።

ሌላው የሐፍረት ጉዳይ ነው። እህታችን አምስተኛ ክፍል ሆና ሒሳቧ ሦስተኛ ክፍል ላይ ነበር የቆመው። የሦስተኛ ክፍል መጽሐፍ ስጧት ስንል «ሰው ምን ይላል!» ተባልን። ስለዚህ በጋዜጣ ለበድነው። ሽፋኑ ላይ ክፍሉ አይታይም፤ የሚታየው የአንድ ሚኒስትር ፎቶ ነው። በሦስት ወር ሁለት መጽሐፍ ጨርሳ በራሷ ክፍል ላይ ደረሰች። ለልጅሽ ካሪኩለም ከመግዛትሽ በፊት ጋዜጣ ግዢ እንላለን፤ ጋዜጣውን ካገኘሽ።

አስጠኚን በተመለከተ ግን እንጨክናለን። በሰዓት የሚከፈለው የግቢ ተማሪ ሦስት ልጅ ይዞ የሚለካው በምንድነው? የቤት ሥራው በመሠራቱ። እናት መጥታ «ጨረሳችሁ?» ስትል «ጨርሰናል» መባል አለበት። ስለዚህ መልሱን ይነግራቸዋል። እኛም ሦስተኛ ዓመት ሳለን አስጠንተናል፤ ነግረናል። አስጠኚ ከቀጠርሽ «የነገውን የቤት ሥራ ተውና ከሁለት ዓመት በፊት የቀረውን ፈልግልኝ» በይው። ደንግጦ ያይሻል።

ወንድማችን የዚህ ሁሉ ማስረጃ ነው፤ እንዳይቀየመን በፈቃዱ ነው የምንጽፈው። ለእሱ ሁሌም «የነገው ፈተና» ነበር የሚቀድመው፤ ወደ ኋላ አልመለስነውም፤ ትልቅ ነው ብለን ፈራነው። በ2014 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ተማሪዎች፣ 3.3 በመቶ ብቻ ሲሆኑ አገር ደነገጠ። የወንድማችን ተራ በ2016 ዓ.ም. ደረሰ፤ በዚያ ዓመት ያለፉት 5.4 በመቶ ነበሩ። እሱ አልነበረበትም፤ በሪሚዲያል ነው የገባው። ያኔ ዓመቱን ሙሉ ሲለፋ ያየነው አዲስ ነገር ለማወቅ አልነበረም፤ ሰባተኛ ክፍል ላይ ያመለጠውን አልጀብራ ለመያዝ ነበር።

አንድ ነገር ደግሞ በልባችን አለ። ይህ ሁሉ የቤት ትምህርት በማን ጫንቃ ላይ ነው? ባቱ ላይ እናት አበባ እርሻ ስትውል የታናናሾቿ አስተማሪ አሥራ ሦስት ዓመት የሆናት ልጅ ናት። የእሷን የቤት ሥራ ማን ያያል? የኔታ ዘንድ ትልቁ ልጅ ትንሹን ካስቀጸለ በኋላ የራሱን ዳዊት ይዞ የኔታ ፊት ይቀርባል፤ ተራው አይዘለልም። እኛ ቤት ግን ያ ሁሉ ወር ሲያልፍ የእኛን መጽሐፍ የጠየቀ አልነበረም። ትልቋን ልጅሽን ረዳት ልታደርጊያት ከሆነ፣ መጀመሪያ እሷን አዳምጫት። ከታናሿ በፊት። በየቀኑ።

*

ይህን ጽሑፍ ልናጠናቅቅ ስንል ጓደኛችን ደግማ ደወለች። «ታዲያ መረጥሽልኝ?» አለች። አልመረጥንም አልናት፤ ትምህርት ቤት ይቆዩ፣ ሊንኩንም ተይው፣ ማታ ማታ እንዲህ እንዲህ አድርጊ ብለን ያለውን ሁሉ ነገርናት። ቅር አላት። «ትንሹ እኮ ችግር የለበትም፤ እሱ ጎበዝ አንባቢ ነው፤ እኔን ያሳሰበችኝ ትልቋ ናት» አለች።

«እያነበበ ገጹን ገልጠሽበት ታውቂያለሽ?» አልናት።

«ምን ማለት ነው?»

«እያነበበ ሳለ፣ ሳትነግሪው፣ ወደሚቀጥለው ገጽ ግለጪበት።»

ዘጋችው። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ስልካችን ጮኸ።

«ቀጠለ» አለች።